ገነተ ልዑል፦ የስድስት ኪሎው ቤተ መንግሥት እንዴት የዩኒቨርሲቲ ሕንፃ ሆነ?

በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ስድስት ኪሎ ግቢ የሚገኘው ገነተ ልዑል ዛሬ የሚታወቀው በኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየምና በራስ መኮንን አዳራሽ ነው። ተማሪው ለጉባኤ ወይም ለመጽሐፍ ምረቃ ይገባበታል፤ ጎብኚው ትኬት ቆርጦ ፎቁን ይዞራል። ሕንፃው ግን ለትምህርት ተብሎ አልተሠራም። ሠላሳ ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ የንጉሠ ነገሥቱ መኖሪያ፣ የፋሺስቱ እንደራሴ መቀመጫ፣ እንደገና ቤተ መንግሥት፣ ከዚያም መኳንንትና ሚኒስትሮች የተረሸኑበት ቦታ ሆኖ ነው በመጨረሻ ለዩኒቨርሲቲው የተሰጠው።

ይህን ታሪክ ውስብስብ የሚያደርገው የክስተቶቹ ብዛት ብቻ አይደለም። አንዱ ዘመን የሌላውን ምልክት ሙሉ በሙሉ ሳያጠፋ የራሱን ስለጨመረበት፣ አንድ ጎብኚ በአንድ ሰዓት ውስጥ የአራት ዘመን አሻራ እየተቀላቀለ ይመጣበታል። የትኛው ምልክት የየትኛው ዘመን እንደሆነ ከለየን ግን ሕንፃው ራሱ በቅደም ተከተል ይነበባል።

ስለ የትኛው ቤተ መንግሥት ነው የምናወራው?

በአዲስ አበባ ሦስት ቤተ መንግሥቶች በየጊዜው ይምታታሉ። አንደኛው ዳግማዊ ምኒልክ ያሠሩት ታላቁ ቤተ መንግሥት ነው፤ ዛሬ አንድነት ፓርክ ያለበት። ሁለተኛው የንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል 25ኛ ዓመት በ1948 ዓ.ም. ሲከበር የተዘጋጀው ኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ነው፤ አሁን ብሔራዊ ቤተ መንግሥት ይባላል። ሦስተኛው ገነተ ልዑል ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከሥልጣን የወረዱት ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ነው። ገነተ ልዑልን ያን ጊዜ ከለቀቁት ከአሥር ዓመት በላይ ሆኗቸው ነበር። «ጃንሆይ ከስድስት ኪሎ ተወሰዱ» የሚል ጽሑፍ ካጋጠማችሁ ጸሐፊው ሁለቱን አምታቷል ማለት ነው።

የውጭ አገር ሰዎች በ1920ዎቹና በወረራው ዘመን የጻፉትን የምታነቡ ከሆነም አንድ ነገር ልብ በሉ። የምኒልኩን «ትልቁ ግቢ»፣ ገነተ ልዑልን ደግሞ «ትንሹ ግቢ» ይሉታል። «ትንሹ ግቢ» የሚለውን ታላቁ ግቢ ውስጥ ያለ ሌላ ቤት አድርጎ መውሰድ ብዙ ሰው የሚሠራው ስሕተት ነው።

የዘመን ቆጠራውም እንዲሁ ያሳስታል። ከመስከረም 1 ጀምሮ የአውሮፓው ዓመት እስኪለወጥ፣ ማለትም እስከ ታኅሣሥ 23 ገደማ፣ የሁለቱ ልዩነት 7 ዓመት ነው፤ ከዚያ በኋላ 8 ይሆናል። የዚህ ሕንፃ ሁለት ትልልቅ ቀናት ታኅሣሥ ላይ፣ አንደኛው ደግሞ የካቲት ላይ ስለዋሉ በሁሉም ላይ 8 የቀነሰ ሰው የታኅሣሡን ግርግር በ1952 ዓ.ም. ያደርገዋል። ትክክለኛው 1953 ነው። ጳጉሜን 6 ቀን ከሆነች በኋላ በሚመጣው ዓመት ደግሞ የካቲት 12 በአውሮፓውያን ቆጠራ ፌብሩዋሪ 19 መሆኗ ቀርቶ ፌብሩዋሪ 20 ላይ ትውላለች። 2016 ዓ.ም. እንዲህ ያለ ዓመት ነበር።

የካቲት 12 እና ደረጃው

ሕንፃው ከጣሊያን ወረራ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ የተሠራ የንጉሠ ነገሥቱ መኖሪያ ነበር። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር አዲስ አበባ ሲገባ ይህም ቤት በወራሪው እጅ ወደቀ። ብዙም ሳይቆይ እንደራሴው ሮዶልፎ ግራዚያኒ መቀመጫው አደረገው።

የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ግራዚያኒ የጣሊያን አልጋ ወራሽ ወንድ ልጅ ወለደ በማለት ለአዲስ አበባ ድሆች ምጽዋት እሰጣለሁ ብሎ ሕዝቡን ወደ ግቢው ሰበሰበ። እሱና ሹማምንቱ ከሕንፃው ፊት ለፊት ካለው መወጣጫ ላይ ነበሩ። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም የእጅ ቦምቦችን እያከታተሉ ወረወሩ። ግራዚያኒ በፍንጣሪ ክፉኛ ቆሰለ፤ የአየር ኃይሉ ጄኔራል ሊዮታ እግሩን አጣ፤ አቡነ ቄርሎስም ከቆሰሉት አንዱ ነበሩ። ወታደሮቹ እዚያው ግቢ ውስጥ በተሰበሰበው ድሃ ላይ ተኩስ ከፈቱ። በከተማው የተደረገው ጭፍጨፋ ሦስት ቀን ቆየ። የኢትዮጵያ መንግሥት የሟቾቹን ቁጥር 30,000 ብሎ አቅርቧል፤ የታሪክ ተመራማሪው ኢያን ካምቤል በአዲስ አበባ ብቻ ወደ 19,000 ይገምታል። ሁለቱ ቁጥሮች የተገኙበት መንገድ ስለሚለያይ፣ አንዱን ስትጠቅሱ የማን እንደሆነ አብራችሁ ጻፉ።

ከግቢው ውጭ አደባባዩ ላይ የቆመው የየካቲት 12 ሰማዕታት ሐውልት ይህን ያስታውሳል። የሐውልቱን ቅርጻ ቅርጾች የሠሩት ዩጎዝላቭያውያኑ አንቱን አውጉስቲንቺችና ፍራኖ ክርሺኒች ናቸው። ግድያው የተጀመረው ግን ሐውልቱ ያለበት ቦታ ላይ አይደለም። ግቢው ውስጥ፣ ዛሬ ተማሪ በሚመላለስበት መሬት ላይ ነው። ይህን ሳያውቁ አራት ዓመት ተምረው የሚመረቁ ልጆች መኖራቸው ያሳዝናል።

ከወረራው ዘመን የቀረው ጎልቶ የሚታይ ምልክት ከሕንፃው ፊት ለፊት ያለው ደረጃ ነው። እየተጠማዘዘ ይወጣል፤ የሚያደርሰው በርም ፎቅም የለም፣ አናቱ ላይ ያበቃል። ፋሺስቶቹ ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘበት እ.ኤ.አ. ከ1922 ጀምሮ ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ እርከን አድርገው ነው ያቆሙት። ከነጻነት በኋላ አላፈረሱትም። ከላይኛው እርከን ላይ የይሁዳ አንበሳ ምስል ተቀመጠበት። ቀረብ ብሎ ላየው አንበሳው ትንሽ ነው፤ ከሩቅ ፎቶ ላይ ልብ የማይለው ሰው ብዙ ነው። እርከኖቹ የፋሺስቱን ዓመታት ይቆጥራሉ፣ ቆጠራው የሚያልቀው ግን አንበሳው እግር ሥር ነው። ፈርሶ ቢሆን ኖሮ ዛሬ የምናሳየው ማስረጃ አይኖርም ነበር፤ እንዳለ ያለ አንበሳው ተትቶ ቢሆን ደግሞ የወራሪው መታሰቢያ ሆኖ ይቀር ነበር። ከሁለቱም የተሻለው ተመርጧል።

ታኅሣሥ 1953

ከነጻነት በኋላ ገነተ ልዑል የንጉሠ ነገሥቱ መኖሪያ ሆኖ ቀጠለ። ታኅሣሥ 4 ቀን 1953 ዓ.ም. ጃንሆይ ብራዚልን በመጎብኘት ላይ ሳሉ የክብር ዘበኛ አዛዡ ብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ገርማሜ ንዋይ መፈንቅለ መንግሥት ጀመሩ። መኳንንቱና ሚኒስትሮቹ ወደ ገነተ ልዑል ተጠርተው ታገቱ። የዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ ተማሪዎች ለውጡን ደግፈው ሰልፍ ወጡ። የጦር ሠራዊቱ ግን ከዘውዱ ጎን ቆመ፣ ታንክና እግረኛ ይዞ ወደ ስድስት ኪሎ ገሰገሰ።

መሸነፋቸው ሲታወቅ፣ ታኅሣሥ 7 ቀን፣ በአረንጓዴው ሳሎን የነበሩት ታጋቾች ላይ ተተኮሰ። አሥራ አምስት ያህል ሰዎች ተገደሉ። ከእነዚህም ውስጥ ራስ አበበ አረጋይ፣ ልዑል ራስ ሥዩም መንገሻ፣ መኮንን ሀብተ ወልድ፣ ጄኔራል ሙሉጌታ ቡሊና አባ ሐና ጅማ ይገኙበታል። ራስ አበበ በአምስቱ ዓመት አርበኝነት ወራሪው ያልያዛቸው ሰው ነበሩ። የሞቱት ያው ወራሪ መቀመጫው አድርጎት በነበረ ቤት ውስጥ ነው። ገርማሜ በሽሽት ላይ ሞቱ፤ ጄኔራል መንግሥቱ ተይዘው፣ ፍርድ ቤት ቀርበው መጋቢት 1953 ዓ.ም. በስቅላት ተቀጡ።

የዚያ ሳምንት ምልክት ፎቅ ላይ ነው። ሙዚየሙ እንደነበረ ጠብቆ በሚያሳየው የንጉሠ ነገሥቱ መኝታ ቤት ያለው መስተዋት ጥይት በስቶታል። መስተዋቱን ለመቀየር ግማሽ ቀን አይፈጅም ነበር። ባለመቀየሩ፣ ውጊያው መኝታ ቤት ድረስ መግባቱን ማንም አስጎብኚ ሳይነግረን እናያለን።

ከቤተ መንግሥት ወደ ዩኒቨርሲቲ

ጃንሆይ ከዚያ በኋላ መኖሪያቸውን ወደ ኢዮቤልዩ አዛወሩ፣ ገነተ ልዑልንም ለትምህርት ሰጡ። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ታኅሣሥ 9 ቀን 1954 ዓ.ም. ተመረቀ፤ ታጋቾቹ ከተገደሉ አንድ ዓመት ከሁለት ቀን በኋላ መሆኑ ነው። የመፈንቅለ መንግሥቱን ደጋፊ ሰልፍ የወጡት ተማሪዎች የተገደሉት ሰዎች ደም የፈሰሰበትን ቤት መማሪያ አድርገው ተረከቡ። ውሳኔውን አንዳንዱ እንደ ልግስና፣ ሌላው ክፉ ትዝታ ያለበትን ቤት እንደ መሸሽ ያየዋል። ሁለቱ አብረው ሊኖሩ አይችሉም የሚል ግን ማስረጃ የለውም።

ዩኒቨርሲቲው ከባዶ አልተነሣም። በ1943 ዓ.ም. አራት ኪሎ ላይ የተከፈተውን የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ፣ የምሕንድስናና የሕንፃ ኮሌጆችን፣ የጎንደሩን የሕዝብ ጤና ኮሌጅና የዓለማያውን የእርሻ ኮሌጅ በአንድ አስተዳደር ሥር አሰባሰበ። ከዚህ የተነሣ የዩኒቨርሲቲው ዕድሜ ሲቆጠር 1943 የሚልም 1954 የሚልም ይገኛል። አንዱ የኮሌጁን፣ ሌላው የዩኒቨርሲቲውን መጀመሪያ ነው የሚቆጥረው። አዳራሹ የተሰየመው በንጉሠ ነገሥቱ አባት በራስ መኮንን ነው፤ በአሮጌ ሰነዶች ራስ መኮንን አዳራሽ የሚለው ስም ሕንፃውን በሙሉ የሚያመለክትበት ጊዜም አለ።

የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1963 ሲሆን የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሪቻርድ ፓንክረስት ናቸው። የሙዚየሙን ስብስብ በማከማቸት ትልቁን ድርሻ የያዙት ፖላንዳዊው የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ስታኒስላቭ ሆይናትስኪ ናቸው፤ ሥዕለ አድኅኖ፣ መስቀል፣ የቤት ዕቃና የሙዚቃ መሣሪያ ሌላው ሰው ዋጋ ባልሰጠበት ጊዜ እያሳደዱ ሰበሰቡ። ዛሬ በሙዚየሙ የባህል ዕቃዎቹ በብሔረሰብ ወይም በክልል ተለይተው አልተደረደሩም፤ ከልደት እስከ ሞት ባለው የሰው ሕይወት ቅደም ተከተል ነው የተቀመጡት። አንድ የአፋርና አንድ የጉራጌ ዕቃ ለአንድ ዓይነት የሕይወት ጉዳይ ስለሚያገለግሉ ጎን ለጎን ይገኛሉ። በጣም ጥሩ አደራደር ነው፣ ጎብኚው እንዲያነጻጽር ያስገድደዋል።

ግቢው ከዚያ በኋላም አላረፈም። የተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንቱ ጥላሁን ግዛው ታኅሣሥ 19 ቀን 1962 ዓ.ም. ምሽት ተተኩሶበት ሲሞት ተማሪው አስከሬኑን ወደዚህ ግቢ አመጣ፤ የክብር ዘበኛ ጦር ገብቶ በተሰበሰበው ላይ ተኮሰ። በ1967 ዓ.ም. ደግሞ ተማሪው በእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ወጣ፤ ዩኒቨርሲቲውም የንጉሡን ስም ትቶ የከተማዋን ያዘ።

መኖሪያ ቤት ለመጻሕፍትና ለቅርስ ሲውል ምን ይበላሻል?

ይህ ክፍል ከታሪኩ ያነሰ የሚነገርለት ነው፣ ለሕንፃው ዕድሜ ግን ዋናው ነገር ይኸው ነው። እዚህ የሚነሡት ነጥቦች ለመኖሪያ ተሠርቶ ለትምህርት የዋለ ማንኛውንም አሮጌ ሕንፃ ይመለከታሉ።

መጀመሪያ ክብደት። አገራችን የምትጠቀምበት፣ ከአውሮፓ ደረጃ የተወሰደው የሕንፃ ደንብ ለመኖሪያ ወለል የሚጠይቀው በካሬ ሜትር ወደ 200 ኪሎ ግራም የመሸከም አቅም ነው፤ ለመጻሕፍት ማከማቻ ግን ወደ 750። ልዩነቱ ከየት እንደመጣ በአንድ መደርደሪያ እንየው። 90 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው፣ በሁለት በኩል መጽሐፍ የሚይዝ፣ ስድስት እርከን ያለው መደርደሪያ አለ እንበል። አንዱ እርከን በአንድ ወገን ከ25 እስከ 30 ኪሎ መጽሐፍ ይይዛል። አሥራ ሁለቱ እርከን ሲደመር ከ300 እስከ 360 ኪሎ ይሆናል። መደርደሪያው የቆመበት መሬት 90 በ60 ሳንቲ ሜትር፣ ማለትም ግማሽ ካሬ ሜትር ትንሽ ቢያልፍ ነው። ስለዚህ ከእግሩ ሥር በካሬ ሜትር ከ550 እስከ 670 ኪሎ ያርፋል። 90 ሳንቲ ሜትር መተላለፊያ ጨምረን ብናካፍለው እንኳ የመደርደሪያውን የራሱን ክብደትና አንባቢውን ሳንቆጥር ከ220 እስከ 270 ኪሎ ነው። መኝታ ቤት ለዚህ አልተሠራም።

ከዚህ የተነሣ በእንዲህ ያለ ሕንፃ መጻሕፍቱ ምድር ወለል ላይ፣ ቀለል ያሉት የሙዚየም ዕቃዎች ፎቅ ላይ መሆን አለባቸው። ፎቅ ላይ መደርደሪያ የግድ ከሆነ ጭነት ተሸካሚውን ግድግዳ ተጠግቶ ይቁም፣ ክፍሉ መሀል አይደርደር። የወለል መርገብን ለማወቅ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ሲባጎ ወጥሮ መሀሉ ላይ ምን ያህል እንደጎደጎደ መለካት ይበቃል። በ6 ሜትር ርዝመት 24 ሚሊ ሜትር ከደረሰ መደበኛው ገደብ ላይ ነው፤ መሐንዲስ እስኪያየው ድረስ መጻሕፍቱ ይውረዱ። በር ድንገት ወለሉን መጫር ከጀመረም ምልክት ነው።

ቀጥሎ ብርሃን። ቤተ መንግሥት መስኮቱ ሰፊ ነው፣ እንግዳ ለመቀበል የተሠራ ነውና። ለብራና፣ ለጨርቅና ለውኃ ቀለም ሥዕል ግን የሚመከረው 50 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ) ብቻ ነው። በቀን 8 ሰዓት፣ በዓመት 300 ቀን ቢበራ 120,000 የሉክስ ሰዓት ይሆናል። መስኮት አጠገብ ያለ ቦታ 1,000 ሉክስ ቢያገኝ ይህንኑ የዓመት መጠን በ15 ቀን ይጨርሰዋል። የደበዘዘ ቀለም ደግሞ አይመለስም። አዲስ አበባ ከፍታዋ ስለሚበልጥ የፀሐይዋ አልትራቫዮሌት ጨረርም ጠንካራ ነው፤ ወፍራም መጋረጃና ጨረር የሚያጣራ የመስኮት ፊልም ሁለቱም ያስፈልጋሉ፣ አንዱ ሌላውን አይተካም።

እርጥበት ሦስተኛው ነው። የጣውላ ሥዕል ከሥር እንጨት፣ ከላዩ ጀሶ መሰል ልባጥ፣ ከዚያ ቀለም ነው። በክረምት እንጨቱ ያብጣል፣ በበጋ ይኮማተራል፤ ልባጡ ግን አብሮ አይዘረጋም፣ ስለዚህ እየተሰነጠቀ ይረግፋል። የአየሩ አንጻራዊ እርጥበት ከ45 እስከ 55 በመቶ ቢሆን ይመረጣል፤ ከቁጥሩ ይልቅ ግን የሚጎዳው ድንገተኛ መለዋወጥ ነው። ቀን መስኮት ከፍቶ ማታ ዘግቶ መሄድ በደግ ልብ የሚደረግ ጥፋት ነው።

ክረምት ሊገባ ሲል፣ ግንቦት ላይ፣ አንድ ሰው ጣራ ላይ መውጣት አለበት። በአሮጌ ሕንፃ ላይ ብዙው ጉዳት የሚጀምረው በቅጠል ከተዘጋ አሸንዳ ነው። ውኃው መውረጃ ሲያጣ ወደ ኋላ ተመልሶ ግድግዳው ውስጥ ይገባል፤ ከወራት በኋላ ልስኑ ያብጥና ይወድቃል። ያን ጊዜ የሚመጣው ሠራተኛ ብዙውን ጊዜ በሲሚንቶ ይለስነዋል። በድንጋይና በኖራ የተሠራ ግድግዳ ግን እርጥበቱን በልስኑ በኩል ነው የሚተነፍሰው፤ ሲሚንቶው ያፍነዋል፣ ውኃውም ከጥገናው ጎን ሌላ መውጫ ፈልጎ ደህናውን ልስን ያበላሻል። በየዓመቱ እየተለሰነ በየዓመቱ የሚወድቅ ግድግዳ ካያችሁ መጀመሪያ አሸንዳውን፣ ቀጥሎ የልስኑን ዓይነት አስመርምሩ። በኖራ የተሠራው በኖራ ይጠገን።

ጥገና ከመጀመሩ በፊት ክፍሉ ከአራቱም ማዕዘን ፎቶ ይነሣ፤ ከቀለም ወይም ከልስን ሥር የወጣ አሮጌ ቀለም፣ ጽሑፍ ወይም የጥይት ምልክት ካለ አጠገቡ ማስመሪያ ተደርጎ ለብቻው ይነሣ። መዝገብ ላይ ቀኑ በሁለቱም ዘመን ቆጠራ፣ የተነካው ክፍል፣ የተጠቀሙበት ቁሳቁስና መጠኑ፣ ሥራውን የፈቀደው ክፍል ይጻፍ። አንዱ ቅጂ ከጥገና ክፍሉ፣ ሌላው ቅጂ ከተቋሙ ቤተ መጻሕፍት ይቀመጥ፤ የሕንፃውን ታሪክ የሚያጠናው ቀጣዩ ተማሪ የሚፈልገው እዚያ ነውና።